ትንሿ መኪናና የመሪዋ ክብደት

አክስቴ መኪና መንዳት ያቆሙት በ61 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደህና ነበር፤ መንገድም አይፈሩም፤ መሪ በጨበጡባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ የጎን መስታወት ከመስበር ያለፈ ጉዳት አላደረሱም። ያስቆማቸው የጣቶቻቸውና የአንጓቸው መገጣጠሚያ ሕመም ነው። ባለ ሁለት በሯን ትንሽ መኪናቸውን ለገዢ ባስረከቡበት ቀን «ልጄ፣ መኪናዋ አልሰለቸችኝም፤ መሪዋ ነው የከበደኝ» አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ የሰጠኋቸው መልስ ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ያሳፍረኛል። «ይህችን የምታክል መኪና ደግሞ ምን የሚከብድ መሪ አላት!» አልኳቸው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት።

በዚያ ዘመን እኔም ፓወር ስቲሪንግ፣ ማለትም መሪ ሲዞር ክንድን የሚያግዝ መሣሪያ፣ የሌላት ትንሽ መኪና ነበረችኝ፤ እኮራባትም ነበር። እምነቴ ቀላል ነበር፦ ፓወር ስቲሪንግ የተፈጠረው ለከባድ መኪና ነው፤ ለከተማ በተሠራች ቀላል መኪና ላይ መግጠም ክብደት መጨመር፣ ነዳጅ ማባከንና የሚበላሽ ዕቃ ማብዛት እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። ታላቅ ወንድሜ የዚህን ተቃራኒ ስለሚያምን ነገሩን ስናነሳና ስንጥል ያመሸንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም፤ አንዳችንም ሌላውን አሳምነን አናውቅም። ወንድሜ ያላሳመነኝን ኋላ ያሳመኑኝ ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ከቀድሞው እምነቴ እስከ ዛሬ ያልለቀቅኩትም አለ።

ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው መሪን የሚያከብደው ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ ነው። መኪና እየሄደ ሳለ ጎማው ስለሚንከባለል አቅጣጫውን ማስቀየር ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ግን መሬቱን የነካው የጎማ ፊት እዚያው በቆመበት አስፋልቱን እየፈተገ መጠምዘዝ አለበት። መሐንዲሶች ይህን ፍትጊያ ለመገመት ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀመር አለ፤ በእሱ መሠረት ጎማውን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት ፈጥኖ ያድጋል፤ የጎማው ነፋስ ሲጎድልም ይብሳል። ምሳሌ ላቅርብ። 600 ኪሎ የምትመዝን፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነች መኪና ከክብደቷ 40 በመቶውን ብቻ ፊቷ ላይ ብታሳርፍ አንዱ የፊት ጎማ የሚሸከመው 120 ኪሎ ነው። 1,000 ኪሎ የምትመዝን፣ ሞተሯም የሚነዷት ጎማዎችም ከፊት የሆኑ መኪና 60 በመቶው ፊቷ ላይ ቢያርፍ ደግሞ ለአንዱ ጎማ 300 ኪሎ ይደርሰዋል። የክብደቱ ልዩነት ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የጎማዎቹ ነፋስም የአስፋልቱም ሁኔታ እኩል ነው ብለን በቀመሩ ብናሰላው ግን የመጀመሪያዋን ጎማ ቆማ ለማዞር ወደ 20 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ የሁለተኛዋን ለማዞር ወደ 80 ኒውተን ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ክብደቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ሲሆን ልፋቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ መጀመሪያ የሠራሁት ወንድሜን ለመርታት ነበር፤ የኔን ወገን የሚደግፍ መስሎኝ። የሚደግፍበትም መንገድ አለ። የ1957ቷ (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊያት 500 ወደ 500 ኪሎ ብቻ የምትመዝን፣ ሞተሯን ከኋላ የተሸከመች፣ ጎማዎቿ እንደ ብስክሌት የቀጠኑ መኪና ነበረች፤ መሪዋን በሁለት ጣት ማዞር ይቻላል ቢባል ብዙም የተጋነነ አይሆንም። በ1959 የወጣችው፣ አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሚኒ ሞተሯ ከፊት ቢሆንም ክብደቷ 600 ኪሎ ገደማ፣ የቸርኬዋ ዲያሜትር ደግሞ 10 ኢንች ብቻ ነበር። እነዚህን መኪኖች የነደፉ ሰዎች ፓወር ስቲሪንግ ስላላገኙ የተዉት አይመስለኝም፤ ነገሩን ከመጀመሪያው የማያስፈልግ አድርገው ነው የሠሩት። ክብደቱን ቀነሱ፣ ጎማውን አጠበቡ፣ ሞተሩን ከቻሉ ወደ ኋላ ወሰዱ፤ የቀረውን ሥራ የሰው ክንድ እንደሚችለው ያውቃሉ። ይህ ዓይነቱ ንድፍ አሁንም ልቤን ይነካዋል። አንድን ችግር ሌላ ማሽን ጨምሮ ከመፍታት ይልቅ ችግሩ እንዳይፈጠር አድርጎ መሥራት በምንም ሙያ ቢሆን ከፍ ያለ ችሎታ ነው።

ክብደቱ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሠሪዎቹ ሌላ ዘዴ ይዘው ይመጣሉ። ፓወር የሌለው መሪ ቀሎ እንዲዞር የጥርሶቹ ምጣኔ ይቀየራል፤ አሽከርካሪው ለአንድ ዓይነት የጎማ ዙረት መሪውን አብዝቶ እንዲያዞር ይደረጋል፤ የመሪው ክብም ሰፋ ይላል። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ለማዞር ፓወር ያለው መኪና ሦስት ዙር ወይም ከዚያ ያነሰ ሲበቃው፣ የሌለው አራት ዙር ገደማ ሊፈልግ ይችላል። ልፋቱ በዚህ አይጠፋም፤ በብዙ ዙር ላይ ተከፋፍሎ ይጠብቀናል። አንድ ምሽት በሁለት መኪኖች መካከል በጠባብ ቦታ በኋላ ማርሽ ስገባ መሪውን ስንት ጊዜ እንዳዞርኩ ቆጠርኩ፤ በሦስት ሙከራ 11 ሙሉ ዙር ሆነ። ያን ያህል ጊዜ ስሠራው የኖርኩትን ነገር ቆጥሬው አለማወቄ ገረመኝ። አክስቴ ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። በአንድ ዙር የሚጠየቀው ጉልበት ትንሽ ነው ብዬ ስከራከር፣ በታመመ አንጓ 11 ጊዜ ማዞር ምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

ብዙ ዙር የሚፈልግ መሪ ሌላም ጉድለት አለው፤ ይህንንም ለረጅም ጊዜ ቸል ብዬዋለሁ። በድንገት የሚገባ ሰው ወይም እንስሳ ለማሳለፍ መሪውን በቅጽበት መጠምዘዝ ሲያስፈልግ፣ እጅን እያለዋወጡ አንድ ዙር ተኩል ማዞርና ግማሽ ዙር ማዞር አንድ አይደሉም። ቀላል መሪ የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው፣ ያኔ ለነበርኩት ለራሴ ማለቴ ነው፣ ይህ ነጥብ ብቻውን በቂ ምላሽ ነበር።

ፓወር ስቲሪንግ ለትልልቅ መኪኖች ነው የሚለው እምነቴ ከታሪኩ አነሳስ የመጣ ነበር፤ አነሳሱ እውነትም እንዲያ ነው። ፒርስ አሮው በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ በ1920ዎቹ በዘይት ግፊት የሚያግዝ መሪ ሠርቶ ማሳየት ችሎ ነበር፤ ፈጠራው ግን ለሕዝብ በሚሸጥ መኪና ላይ እስኪገጠም ሩብ ምዕተ ዓመት ጠበቀ። በመካከሉ ጦርነት መጥቶ ከባድ የጦር ተሽከርካሪዎች ተገለገሉበት። በ1951 ክራይስለር ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ አስገባው። ኢምፔሪያልን ያየ ሰው ለምን እንዳስፈለገው መጠየቅ አያሻውም፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ ኮፋኖው ብቻውን የአንዲት ትንሽ መኪናን ግማሽ የሚያክል ነው። እኔም ከዚህ ተነስቼ፣ ለዝሆን የተሠራ ጫማ ለድመት ምን ያደርጋል እል ነበር።

የማላውቀው ነገር ታሪኩ እዚያ ላይ አለማብቃቱን ነው። በኤሌክትሪክ የሚያግዘው ፓወር ስቲሪንግ፣ ዛሬ በአዲስ መኪኖች ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉ የምናገኘው ዓይነት ማለት ነው፣ ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ መጀመሪያ የተገጠመው በ1988 ነው፤ የተገጠመባት መኪና ደግሞ ሱዙኪ ሰርቮ ናት። ሰርቮ በጃፓን ሕግ የሞተር መጠናቸው ያኔ ከ550 ሲሲ እንዳይበልጥ ከተገደቡት እጅግ ትንንሽ መኪኖች አንዷ ነበረች። ይህን ባወቅኩበት ቀን የያዝኩት ክርክር ከሥሩ ተናጋ። አዲሱ ፈጠራ ከዝሆኑ ወደ ድመቷ ቀስ እያለ የወረደ አይደለም፤ የተወለደው ድመቷ ላይ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ሁለቱ ዓይነቶች እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። በዘይት የሚሠራው ሞተሩ በችንጋ የሚያዞረው ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ዘይቱን በግፊት ወደ መሪው ማርሽ ይልካል፤ አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱ ዘንጉን ወደተፈለገው ጎን ይገፋል። ችግሩ አሽከርካሪው መሪውን ባያዞርም፣ በቀጥታ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢነዳም፣ ፓምፑ ከሞተሩ ጉልበት እየወሰደ መዞሩን አለማቆሙ ነው። ለትልቅ ሞተር ይህ ከባሕር በጭልፋ እንደመቅዳት ነው፤ ለ550 ሲሲ ሞተር ግን መሪው ጥግ ሲደርስ ሞተሩ ሲያቃስት የሚሰማ ሸክም ነው። በጠባቡ የሞተር ክፍል ውስጥ ፓምፑን፣ የዘይት ዕቃውንና ቱቦዎቹን የሚያስቀምጡበት ቦታ ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የኤሌክትሪኩ ግን ይህን ሁሉ አይፈልግም። በመሪው ዘንግ ላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ የምትጣመም ቀጭን ብረት አለች፤ ሴንሰሩ የመጣመሟን መጠን ለክቶ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም በዘንጉ ላይ የተገጠመውን ትንሽ ሞተር በዚያው ልክ ያሠራዋል። አሽከርካሪው መሪውን ካላዞረ ሞተሩ ጉልበት የማይወስድ ያህል ነው።

እንግዲህ «ነዳጅ ይበላል» የሚለው ክርክሬ እውነት የነበረው ለዘይቱ ነው። ለኤሌክትሪኩ ያን ያህል አይሠራም። «የሚያፈስ ቱቦ፣ የሚበጠስ ችንጋ» የምለውም ቢሆን እንደዚያው። ሁለቱን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ብቻ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ ስጭን ኖሬያለሁ።

ነገሩን በሌላ ዓይን እንዳየው ያደረገኝ ግን ከቴክኒኩ ይልቅ የመኪናዋ ኑሮ ነው። ፓወር ስቲሪንግ በብዛት የሚያስፈልገው መኪናው ቆሞ ወይም በእግረኛ ፍጥነት ሲሄድ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት አውራ ጎዳና ላይ ትልቁም መኪና ያለ እገዛ በቀላሉ ይታዘዛል፤ እንዲያውም እንዳይቅበዘበዝ መሪው ትንሽ ቢከብድ ይመረጣል። አሁን የሁለቱን ውሎ እናነጻጽር። በረጅም መንገድ የሚሠራው ትልቅ መኪና ጠዋት ተነስቶ፣ ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይቆማል። የከተማዋ ትንሽ መኪና በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ጠባብ ቦታ ትገባለች፣ አምስት ጊዜ ትወጣለች፣ ጠባብ መንገድ ላይ ትዞራለች፣ ወደ ኋላ ትላለች፣ ለሌላው ታሳልፋለች። ሰዎች የሚገዟትም እዚህ ሁሉ ቦታ ስለምትገባላቸው ነው። ክብደቷ «መሪዬ ይቀላል» ይበል እንጂ ሥራዋ መሪ ማዞር ነው። እኔ የክብደቱን ብቻ ስመዝን የሥራውን ብዛት ረስቼ ነበር። በ1999 የወጣችው ሁለተኛዋ ፊያት ፑንቶ ክሩስኮቷ ላይ «ሲቲ»፣ ማለትም «ከተማ»፣ የሚል ቁልፍ ነበራት፤ ሲጫኑት የኤሌክትሪኩ እገዛ በዝቶ መሪው የበለጠ ይቀላል። የቁልፉ ስም ራሱ ጉዳዩ የቱ ላይ እንደሆነ ይናገራል።

ደግሞስ ትንሽ መኪና የምንለው አሁን የቱን ነው? ፊያት 500 በ2007 ስሟንና መልኳን ይዛ ስትመለስ ዝቅተኛው ክብደቷ ከ850 ኪሎ በላይ ሆነ፤ ሞተሯም ወደ ፊት መጣ፤ ያችው «ሲቲ» የምትባለው ቁልፍም አብራ መጣች። በ2020 የወጣችው በኤሌክትሪክ የምትሄደው 500 ደግሞ በትልቁ ባትሪዋ ከ1,250 ኪሎ ትበልጣለች፤ ከአያቷ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ሚኒም በ2001 በአዲስ መልክ ስትወጣ ከ1,000 ኪሎ አልፋ ነበር። ለዚህ ክብደት ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚጠብቅ ጠንካራ አካል፣ የአየር ከረጢት፣ የፍሬን መሣሪያዎች፣ ወፍራም በሮች ናቸው። ጎማውም ሰፍቷል፤ ፍሬን ሲያዝ አስፋልቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ሰፊ ጎማ ቆሞ ሲዞርም ያንኑ አስፋልት አልለቅ ይላል። ስሙ ትንሽ ሆኖ ቀርቶ ነገሩ ግን አድጓል። የድሮዎቹን ምሳሌ እያነሳሁ ስለ ዛሬዎቹ ስከራከር ስለሌለች መኪና ነበር የምከራከረው።

በእውነት ቀላል የሆነች መኪና በዘመናችን ቢሠሩ ኖሮስ? የሕንዱ ታታ ይህን ሞክሮታል። በ2008 ለሕዝብ የታየችው ናኖ 600 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ 624 ሲሲ ሞተሯን ከኋላ የያዘች፣ ባለ 12 ኢንች ቸርኬ፣ የፊት ጎማዋ ከኋላው የጠበበ መኪና ነበረች። ከላይ በሒሳቡ ያነሳኋትን የመጀመሪያዋን መኪና በአካል አምጡ ቢባል ናኖን ማምጣት ይቻላል። ፓወር ስቲሪንግ አልነበራትም፤ ከማንም ይልቅ እሷ «አያስፈልገኝም» ለማለት መብት ነበራት። ይሁንና በ2014 ናኖ ትዊስት የተባለችው ስትወጣ ዋናው አዲስ ነገሯ የኤሌክትሪክ ፓወር ስቲሪንግ ነበር። ይህን ለወንድሜ የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ የራሴን ግብ ላይ ኳስ እንዳስገባ ተከላካይ ሆኜ። ጉልበቱ አነሰም በዛም፣ ሰው ምርጫ ሲሰጠው ቀላሉን መሪ ይመርጣል፤ ሠሪውም ይህን ያውቃል።

እስካሁን የሰጠሁት ሁሉ ሽንፈት ነው፤ አሁን ያልሰጠሁትን ልናገር። ፓወር የሌላት መኪናዬ መሪ ይናገር ነበር። ዝናብ በዘነበበት አስፋልት ላይ ጎማው መያዣ ማጣት ሲጀምር መሪው በእጄ ላይ በድንገት ይቀላል፤ ከጎማዎቹ የአንዱ ነፋስ ሲጎድል መሪው ወደዚያ ጎን እያዘነበለ ሳላየው ይነግረኛል፤ ጠጠር፣ ንጣፍ፣ የመንገድ ጠርዝ ሁሉም የየራሱ ንዝረት ነበረው። አሁን የምነዳት መኪና መሪ በዘንጉ ላይ በተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው፤ ከጎማው እስከ እጄ ባለው መንገድ ብዙው ወሬ ተጣርቶ ይቀራል። እርግጥ የሚጣራው መልካሙ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መሪው በድንገት ተፈናጥሮ አውራ ጣትን የሚመታበት የድሮው ጣጣም አብሮ ተጣርቷል። ቢሆንም መሪው አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠኝ ስሜት ከእውነተኛ መንገድ ይልቅ የመጫወቻ መሪ ይመስላል። ይህ ቅሬታ ናፍቆት ብቻ ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ግማሹ ናፍቆት መሆኑን አልክድም።

ሁለተኛው ደግሞ የመበላሸት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ፓወሩ የጠፋበት መኪና ፓወር ከሌለው መኪና ጋር እኩል ይሆናል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ እጅግ የከፋ ነው። ፓወር የሌለው መኪና ከመጀመሪያው ለክንድ ብቻ ታስቦ፣ ብዙ ዙር ተሰጥቶት፣ የጎማው አቋቋምም ለዚያ ተስተካክሎ ተሠርቷል። ፓወር ያለው ግን እገዛው ሁልጊዜ አለ ብሎ ነው የተነደፈው፤ ዙሩ ትንሽ፣ የመሪው ክብ ጠባብ፣ ጎማው ሰፊ ነው፤ እገዛው ሲጠፋ አሽከርካሪው የጎማውን ፍትጊያ ብቻ ሳይሆን የማይሠራውን ሞተርም አብሮ ይጎትታል። እኔ ይህን የተማርኩት ባትሪው ደክሞ በነበረ ሰሞን፣ መታጠፊያ ላይ ሳለሁ ሞተሩ ሲጠፋብኝ ነው። የክሩስኮቱ መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ፤ መሪው በእጄ ላይ ድንጋይ ሆነ። መዞሩ አልቀረም፤ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት ጥጉን ይዤ ቆምኩ። የገረመኝ ግን ከአሮጌዋ መኪናዬ ጋር ሳወዳድረው ነው፤ እሷ ሞተሯ ጠፍቶ ስትገፋ እንኳ መሪዋ እንዲህ ጨክኖብኝ አያውቅም።

ሕግ አውጪዎችም ይህን አስበውበታል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች አካል የሆነውና ቁጥር 79 የተሰጠው የመሪ ደንብ የሰው ማጓጓዣ መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከቀጥታ መስመር ወደ 12 ሜትር ራዲየስ ሲታጠፍ፣ በ4 ሰከንድ ውስጥ፣ አሽከርካሪው ከ150 ኒውተን በላይ እንዳይጠየቅ ይደነግጋል፤ ይህ 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ ከማንሳት ጋር ይቀራረባል። እገዛው ሲበላሽ ግን እስከ 300 ኒውተን ይፈቀዳል፤ መታጠፊያውም ወደ 20 ሜትር ራዲየስ ይሰፋል። ሁለት ነገር ልብ አልኩ። አንደኛ፣ ፈተናው በሚሄድ መኪና ላይ ነው እንጂ በቆመ መኪና ላይ አይደለም፤ አክስቴን ያሸነፋቸው ቆሞ የማዞሩ ትግል በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ 30 ኪሎ የሚያህል ጉልበት ለጥቂት ሰከንድ ማውጣት ለኔ የሚቻል ነው፤ ደንቡ ግን መሪ የሚይዘው ሁሉ እኔን እንደማያክል አያይልኝም። ትከሻው ተሰብሮ የዳነ፣ የመጨረሻ ወሯ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር፣ በአንድ እጁ የሚነዳ ሰው፣ እነዚህም ሁሉ አሽከርካሪዎች ናቸው።

ስለ ጥገናው ብዙ አልልም። የዘይቱ ሲያረጅ ያፈሳል፣ ይጮኻል፤ በየደረጃው ይጠገናል። የኤሌክትሪኩ ለዓመታት ዝም ብሎ ሠርቶ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ መካኒኩ ከነዘንጉ ይቀየር ይላል። ይህ ያናድደኛል፤ ግን አስቀርቶ የሚያስመርጥ ምክንያት ሆኖ አላገኘሁትም።

በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ጥያቄው ከሰው ጉልበት ወጥቶ ወደ ሌላ ሄዷል። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚመዘገቡ አዳዲስ የሰው መኪኖች አሽከርካሪው ሳያውቀው ከመስመሩ ሲወጣ የሚመልሱት መሣሪያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። መኪናው ራሱ መሪውን እንዲነካው ከተፈለገ መሪው ላይ ሞተር መኖር አለበት፤ በራሷ ገብታ የምትቆም መኪናም ያለዚያ ሞተር የማትታሰብ ናት። ስለዚህ በእነዚያ ገበያዎች ትንሿ መኪና ፓወር ስቲሪንግ ያስፈልጋታል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ መብራት ያስፈልጋታል ወይ እንደማለት እየሆነ ነው።

የድሮው ሐሳብ ፈጽሞ አልሞተም። በ2012 ሽያጭ የጀመረችው ሬኖ ትዊዚም፣ በ2020 የመጣችው ሲትሮኤን አሚም ፓወር ስቲሪንግ የላቸውም። ሁለቱም ከነባትሪያቸው ከ500 ኪሎ በታች የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ በሕግም ሙሉ መኪና ተብለው የማይቆጠሩ ናቸው። አሚ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ አትሄድም። እኔ ስከራከርላት የኖርኩት መኪና ዛሬም አለች፤ ነገር ግን መኪና መባሏን ትታ ነው የኖረችው። 500 ኪሎ ላይ ከወንድሜ ጋር አሁንም እከራከራለሁ፤ 900 ኪሎ ላይ ግን አፌን ይዣለሁ።

ባለፈው ዓመት አክስቴን አዲሷ መኪናዬ ውስጥ በአሽከርካሪው ወንበር አስቀመጥኳቸው። ቦታው ሰፊና ባዶ ነበር፤ ሞተሩን አስነስቼ እኔ በጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረጉት መሪውን፣ መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ፣ በአንድ መዳፍ እስከ ጥጉ ማዞር ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ፤ ከዚያ መልሰው ወደ መካከል። «ይኸው ነው?» አሉኝ። «ይኸው ነው» አልኳቸው። ቆሞ ማዞር ጎማ ይበላል ልል ነበር፤ ተውኩት። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ጎማው ትንሽ ሳይንከባለል መሪ ማዞር አልችልም፤ መሪው ቢፈቅድም እጄ ይጠብቃል። እሳቸው ግን ማርሽ አስገብተው፣ ፍሬኑን ለቀው፣ በዝግታ አንድ ሙሉ ክብ ዞሩ፤ ሲጨርሱም ሳይቆሙ ሌላውን ጀመሩ።